ገር ዕዳና ግትር ዕዳ፦ የተማሪ ብድር ሳያልቅ ፖርቱጋል ላይ የተገዛ ቤት

ጥያቄው ሁሌም የሚመጣው በአንድ መልክ ነው። የተማሪ ብድሬን ጨርሼ ቤት ልግዛ ወይስ ብድሩ እያለ ልግዛ? መልሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አስተያይቶ ያበቃል። ብድሩ 6 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ከሆነና ቤቱ 8 በመቶ የሚያስገባ ከሆነ፣ ግዛ። እኔ ይሄ ስሌት ዋናውን ነገር ይዘለዋል ባይ ነኝ። ለምን እንደምል አንዲት ሴት የሠራችውን ከነቁጥሩ ባሳይ ይቀላል።

ባለጉዳይዋ አሜሪካ የምትኖር የቢሮ ሠራተኛ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹንም አጠጋግቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያለ ብድር ነው የጨረሰችው። ዕዳ ውስጥ የከተታት ማስተርሷ ነው። ከ2018 እስከ 2020 ተማረች። የፌደራል መንግሥቱ በመደበኛው ብድር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነበር። ያ አልበቃትም። ጉድለቱን "ግራድ ፕላስ" በሚባለው፣ ወለዱ ከፍ በሚለው ብድር ሞላችው። በመጀመሪያው ዓመት መደበኛው 6.60፣ ፕላሱ 7.60 በመቶ ነበር። በሁለተኛው 6.08 እና 7.08 ሆነ። ስትመረቅ ከተጠራቀመው ወለድ ጋር 70,000 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረባት። ሲጨፈለቅ ወለዱ 6.7 በመቶ ገደማ ነው። በመደበኛው የ10 ዓመት አከፋፈል ቢሄድ በወር 800 ዶላር ይመጣል።

ግን የተመረቀችው ኮቪድ በገባበት ሰሞን ነው። ከማርች 13፣ 2020 ጀምሮ የፌደራል የተማሪ ብድር ወለድ ዜሮ ሆነ፣ ክፍያም ቆመ። ለጥቂት ወራት የተባለው ሲራዘም ሲራዘም ከሦስት ዓመት በላይ ሄደ። እሷ ደግሞ በዓመት 72,000 ዶላር የሚከፍል ሥራ አገኘች። የምትሠራው ከቤት፣ የምትኖረው ወላጆቿ ጋር። 2022 ሲጋመስ 60,000 ዶላር ቆጥባ ነበር።

ያን ገንዘብ ዕዳው ላይ ብታውለው 70,000ው ወደ 10,000 ይወርድ ነበር። አላደረገችውም። ምክንያቷ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ወለድ የማይቆጥር ዕዳን አስቀድሞ መክፈል ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ የስረዛ ወሬ ነበር። ኦገስት 2022 ላይ የባይደን አስተዳደር ከዕዳው እስከ 10,000 ዶላር፣ ለአንዳንዱም እስከ 20,000 እሰርዛለሁ ብሎ አወጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን ውድቅ ያደረገው በቀጣዩ ዓመት ጁን መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ቸኩሎ የሚከፍል ሰው ሞኝ ይመስል ነበር።

አባቷ ብቻ አልተዋጠላቸውም። "ዕዳ እያለብሽ ሌላ ዕዳ?" አሏት። "ይሄኛው እኮ ራሱን ይከፍላል አባዬ" አለች።

ቤቱ ፖርቶ ከተማ ማዶ፣ ከዶውሮ ወንዝ ደቡብ በምትገኘው ቪላ ኖቫ ደ ጋያ ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት፣ ዋጋው 150,000 ዩሮ። ለምን ፖርቱጋል? አሜሪካ ያለው ዋጋ አልቀመስ ብሎ ነበር። ሌላ የረቀቀ ምክንያት አልነበራትም። በነገራችን ላይ ወርቃማ ቪዛ የሚባለው ነገር ውስጥ የለችበትም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይሆን ኪራይ ነው የፈለገችው።

ሜይ 2022 ላይ የሽያጭ ቃል ኪዳን ውል ፈረመችና 10 በመቶ ቀብድ፣ ማለትም 15,000 ዩሮ ከፈለች። በፖርቱጋል ሕግ ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ መመለሻውን በር የዘጋባት ይሄ ነው።

ከዚያ የዋናው ውል ቀን እስኪደርስ አራት ወር አለፈ። በእነዚያ አራት ወራት ሁለት ነገር ተገለበጠ። አንደኛው ጠቀማት። ዩሮ ከዶላር በታች ወረደ፤ ሴፕቴምበር ላይ 1 ዩሮ 99 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር። ሁለተኛው ጎዳት። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከ2011 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለድ መጨመር ጀመረ። የፖርቱጋል የቤት ብድር ደግሞ አብዛኛው ዩሪቦር ከሚባለው መነሻ ወለድ ጋር የታሰረ ነው። እሱ ሲወጣ ክፍያው ይወጣል። ውሉን ስትፈርም የ12 ወሩ ዩሪቦር 0.3 በመቶ ገደማ ነበር። ብድሩ ሲጸድቅ 1.25 ደረሰ። ባንኩ በላዩ 1.5 ጨመረበት። 2.75 በመቶ መሆኑ ነው። ልተወው ብትል 15,000 ዩሮዋ ቀለጠ። ገፋችበት።

ባንኩ 70 በመቶውን፣ 105,000 ዩሮ፣ ለ30 ዓመት አበደራት። 45,000 ዩሮ ከኪሷ። የግዢ ግብር፣ የቴምብር ቀረጥ፣ ጠበቃና ምዝገባ ሌላ 7,000 ዩሮ ገደማ በሉ። በዶላር ሲመታ 52,500 አካባቢ ወጣባት።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። ባንኩ ዕዳዋን ለማየት የአሜሪካ የክሬዲት ሪፖርቷን፣ ማለትም የብድር ታሪኳን የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ጠየቀ። ሪፖርቱ ላይ የተማሪ ብድሩ አለ፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን "0" ይላል። እውነት ነው፣ በዚያን ጊዜ ዜሮ ነበር። ባንኩም ዜሮ ብሎ ቆጠረው። አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት ብትጠይቅ ሒሳቡ ሌላ ነበር። የቤት ብድሮችን ከባንኮች በሚገዛው በትልቁ የአሜሪካ ድርጅት፣ በፋኒ ሜይ፣ ደንብ ክፍያው ለጊዜው የቆመ የተማሪ ብድር እንደ ዜሮ አይታለፍም፤ የቀሪው ዕዳ 1 በመቶ እንደ ወርሃዊ ክፍያ ይያዛል። ለእሷ 700 ዶላር መሆኑ ነው። የፖርቱጋል ማዕከላዊ ባንክ በወቅቱ ያወጣው ጣሪያ ጠቅላላ የብድር ክፍያ ከተጣራ ገቢ ግማሽ እንዳይበልጥ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር 700ው ቢደመርም ታልፍ ነበር። ያጣችው ፈቃድ አይደለም፤ ያንን ቁጥር ፊቷ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

የራሷን ሰንጠረዥ አይቼዋለሁ። ሁለት መስመር ነው። ኪራይ 650። የባንክ ክፍያ 429። ከሥር በአረንጓዴ ቀለም፦ ትርፍ 221።

አሁን የጎደሉትን መስመሮች እንሙላ። የሕንፃው የጋራ ወጪ 40 ዩሮ። የንብረት ግብር በወር ሲካፈል 24። ኢንሹራንስ 20። ተከራይ የሚፈልግና የሚያስተዳድር ድርጅት ከኪራዩ 10 በመቶ፣ 65 ዩሮ። ቀሪ 501። ከዚያ የገቢ ግብሩ መጣ። በወቅቱ 28 በመቶ ነበር፤ በኋላ ወደ 25 ወርዷል። እሷ የባንክ ወለዱ ተቀናሽ ይሆንልኛል ብላ ነበር። አይሆንም። ፖርቱጋል የጥገናና የጋራ ወጪን ከኪራይ ገቢ ላይ ትቀንሳለች፤ የቤት ብድር ወለድን ግን አትቀንስም። ወደ 140 ዩሮ ለግብር ሄደ። የቀረው 361 ነው፣ የባንኩ ክፍያ 429። ራሱን ይከፍላል የተባለው ቤት ገና ከመጀመሪያው ወር በ68 ዩሮ ይጎድል ነበር።

68 ዩሮ ማንንም አይጥልም። ዋናው ጣጣ የመጣው ግን በ2023 መኸር ላይ ነው።

የብድሯ ወለድ የሚከለሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሴፕቴምበር ላይ ነው። በ2023 የተጠቀሙበት ዩሪቦር 4.07 አካባቢ ነበር። ከባንኩ ጭማሪ ጋር 5.57። ክፍያዋ ከ429 ወደ 596 ዩሮ ዘለለ። በዚያው ወር መጀመሪያ የተማሪ ብድሩ ወለድ መቁጠር ጀመረ። ኦክቶበር ላይ ክፍያው ተመለሰ። ሁለት አህጉር፣ ሁለት ዕዳ፣ በአንድ ወር ውስጥ። ከወላጆቿ ቤት ወጥታም ስለነበር 1,900 ዶላር የራሷ ኪራይ አለባት።

ኖቬምበር ላይ ተከራዩ ለቀቀ።

አስተዳዳሪው የላከላትን ፎቶ አሳይታኛለች። ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ተስቦ ወጥቷል። ከኋላው ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ሻጋታ። የፖርቶ ክረምት ዝናቡ አያቋርጥም፤ የድሮ ሕንፃ ደግሞ በቂ ማሞቂያና አየር ማስወጫ ከሌለው ግድግዳው ላብ ያወጣል። ቤቱን ያየችው በሜይ ነው፣ ፀሐይ በፀሐይ ሳለ። ማጽዳቱ፣ ቀለሙና እርጥበት መሳቢያው ማሽን 900 ዩሮ ፈጀ። ቤቱ እስኪከራይ ወር ተኩል ባዶውን ቆመ። በዚያ ጊዜ የባንኩ ክፍያና ቋሚ ወጪው ብቻ 680 ዩሮ፣ ማለትም ወደ 735 ዶላር ነው። የተማሪ ብድሩ 327። አንድ ላይ ከ1,000 ዶላር በላይ፣ ከዚህ በፊት ምንም ያህል ባልነበረበት ቦታ። የቀራት ቁጠባም ቤቱን ካቃናች፣ ዕቃ ካስገባችና አዲስ ቤት ከገባች በኋላ ተንጠፍጥፏል። እጅ አጠራት።

እንግዲህ ማንን ትክፈል? እኔ የዚህ ጉዳይ ልብ ይሄ ነው እላለሁ።

ከሁሉ በፊት 327ቱ ከየት መጣ? መደበኛው ክፍያ 800 ዶላር ነበር ብለናል። እሷ ግን ሴቭ በተባለው፣ በገቢ ላይ በተመሠረተው አከፋፈል ተመዝግባ ነበር። የሚሰላው ከድህነት ወለሉ 225 በመቶ በላይ ካለው ገቢ ላይ 10 በመቶ ተይዞ ነበር። የወር ወለዷ 390 ዶላር ገደማ ነው። 327ቱ አይሸፍነውም፤ ሴቭ ግን ያልተሸፈነውን ወለድ ይምር ነበር። ሁለተኛ፣ መንግሥት ክፍያው ሲመለስ የአንድ ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ ክፍያ የዘለለ ሰው ለክሬዲት ቢሮ አይነገርበትም፣ ዕዳውን እንደካደም አይቆጠርም። እሷም ዲሴምበርንና ጃንዋሪን ዘለለች። ያን ገንዘብ ወደ ፖርቱጋል ላከች።

የፖርቱጋሉ ባንክ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ገቢ ስለቀነሰ ወይም ተከራይ ስለለቀቀ ብቻ ክፍያው በራሱ አይወርድም። ሦስት ተከታታይ ክፍያ ካለፈ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሙሉውን ብድር አሁን አምጪ የማለት መብት አለው። መያዣውም ቤቱ ነው።

እሷ ስትጀምር የተማሪ ብድሩን እንደ ጠላት፣ የቤት ብድሩን እንደ ጥሩ ዕዳ ነበር የምታያቸው። ኪሷ ሲነጥፍ ግን ገር ሆኖ የተገኘው የተማሪው ብድር ነው። ገቢ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲቸግር ይታገሳል። ግትሩ ያኛው ነው። ያዳናትም የቤቱ ትርፋማነት አይደለም፤ የሌላኛው ዕዳ መለጠጥ ነው። ወለድን ከወለድ ብቻ የሚያስተያይ ስሌት ይሄን ጭራሽ አያየውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። የተማሪ ብድሯ የፌደራል ሳይሆን ከግል ባንክ የተወሰደ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። የግል አበዳሪ በገቢ ልክ ክፈል አይልም። በኮቪድ ጊዜም ወለድ የማቆም ግዴታ አልነበረበትም። ሁለቱም ዕዳ ግትር ሲሆን ባዶ ቤት ለወር ተኩል መሸከም አይታሰብም። የተማሪ ብድራቸውን የግል ባንክ ጋ በዝቅተኛ ወለድ አዙረው ውጭ አገር ቤት ሊገዙ የሚያስቡ ሰዎች ይገጥሙኛል። በወለድ ያተረፉትን የሚያጡት እዚህ ጋ ነው። የፌደራሉም ቢሆን እስከ መጨረሻው ገር አይደለም። 270 ቀን ካልተከፈለ እንደተካደ ይቆጠራል፤ ከዚያ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ የመቁረጥና የግብር ተመላሽን የመያዝ ሥልጣን አለው።

የግብሩን ጣጣ ባጭሩ ልበል። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢያገኝ ግብር ትጠይቃለች፤ የፖርቱጋል ኪራይ አሜሪካም ይታወቃል። ግን አሜሪካ የቤት ብድር ወለዱን ትቀንሳለች፣ የሕንፃውንም ዋጋ በ30 ዓመት እያካፈለች የእርጅና ቅናሽ ትሰጣለች። ስለዚህ ያው ቤት ፖርቱጋል ላይ ትርፍ ያለው፣ አሜሪካ ላይ ኪሳራ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ለፖርቱጋል የከፈለችውን ግብር አሜሪካ ልታካክስላት ትችል ነበር፣ የሚካካስ የአሜሪካ ግብር ቢኖር። የለም። ስለዚህ እስከ 10 ዓመት ድረስ ወደፊት እየተሻገረ ይቀመጣል። አንድ አስቂኝ ጎን አለው፦ ያ የወረቀት ኪሳራ ገቢዋን ዝቅ ስለሚያደርገው በገቢ የሚሰላውን የተማሪ ብድር ክፍያ በወር 20፣ 30 ዶላር ይቀንስላታል። አቅዳው አይደለም።

ሌላው የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያው ነው። በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን የውጭ ሒሳቦች ድምር ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ የፋይናንስ ወንጀል መከላከያ መረብ መሥሪያ ቤት፣ ፊንሴን፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እሷ ሒሳቧ ውስጥ 500 ዩሮ እንኳ ስለሌለ አይመለከተኝም ብላ ነበር። ግን በ2022 የቤቱ ገንዘብ ያለፈው በዚያው ሒሳብ ነው። የግብር ወረቀቷን የምትሠራላት ባለሙያ ባትጠይቃት ታልፈው ነበር፤ ቅጣቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ከ2024 ወዲህ ነገሩ ቀለል አለ። አዲስ ተከራይ በ690 ዩሮ ገባ። ጁላይ ላይ የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሴቭን አገደው፤ የተመዘገቡት ሁሉ ክፍያም ወለድም ሳይኖርባቸው እንዲጠብቁ ተደረገ። ለአንድ ዓመት ያህል እንደገና እፎይታ። የሴቭ ተበዳሪዎች ወለድ መቁጠር የጀመረው ኦገስት 1፣ 2025 ነው። ዩሪቦርም ወረደ። የቤት ክፍያዋ በ2024 ወደ 541፣ በ2025 ወደ 481 ዩሮ ዝቅ አለ። ዛሬም ግን ሁሉም ወጪ ሲቀነስ ቤቱ በወር ወደ 80 ዩሮ ከኪሷ ይወስዳል።

ታዲያ ከሰረች? አልከሰረችም። እንደ ፖርቱጋል ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋም፣ የቤት ዋጋ በ2023 8.2፣ በ2024 9.1 በመቶ ጨምሯል፤ በ2025 ደግሞ ይባስ ፈጠነ። አስተዳዳሪው አፓርትመንቷ 200,000 ዩሮ ያወጣል ይላታል። ብትሸጠው የደላላው ኮሚሽን ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ 12,000 ያህል ይወስዳል፤ የባንኩ ቀሪ 99,500 ነው፤ የፖርቱጋል የትርፍ ግብር ጥቂት ሺህ። 85,000 ዩሮ ገደማ እጇ ይገባል። ዩሮው 1.17 ዶላር ሲሆን ይሄ ከ99,000 ዶላር በላይ ነው። ያወጣችው ከነጉድለቱ ከ60,000 ብዙም አይበልጥም። ያን ገንዘብ በ2022 የተማሪ ብድሩ ላይ ብታውለው ኖሮ እስከ 2025 አጋማሽ ያተረፈችው ወለድ 3,000 ዶላር ቢሆን ነው፤ ወለዱ ከሦስቱ ዓመት ሁለቱን ያህል ስላልቆጠረ።

በቁጥር አሸንፋለች። ከትርፉ ግን ወደ 15,000 ዶላር የሚጠጋው የመጣው ከቤቱ ሳይሆን ከዩሮው መጠናከር ነው። የወለዱ መቆምም የወረርሽኝና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እሷ ያሰላችው፣ ኪራዩ ክፍያውን ይሸፍናል የሚለው፣ አንድም ወር አልሠራም። ያላሰላቻቸው ሦስት ነገሮች ናቸው ያዋጧት፦ የቤት ዋጋ መናር፣ የዩሮው መጠናከርና የወለዱ መቆም። ትርፉም እስክትሸጥ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አሁን ከሴቭ ወጥታ አይቢአር ወደሚባለው የቆየ፣ በገቢ የሚሰላ አከፋፈል ለመዛወር አመልክታለች። በእሷ ገቢ በወር 404 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ቀሪው ከ20 ዓመት ክፍያ በኋላ ይሰረዛል። ጁላይ 4፣ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከጁላይ 2026 ጀምሮ የሚሠራው ራፕ የተባለው አዲሱ አከፋፈል 420 ያስከፍላታል፣ ስረዛውም ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ፖርቱጋል ባለው ሒሳቧ የስድስት ወር የባንክ ክፍያ አስቀምጣለች፤ ከዚያ የተረፋትን ደግሞ መጀመሪያ 7.60 በመቶው ብድር ላይ እንዲውልላት ለብድር አስተዳዳሪው በጽሑፍ አሳውቃለች። እንዲህ ተብሎ ካልታዘዘ ተጨማሪው ክፍያ ከሁሉም ብድሮች ላይ ሊበተን ይችላል።

የፖርቱጋሉ ባንክ በቅርቡ ሌላ አማራጭ አቅርቦላታል። ወለዱ ለሦስት ዓመት ቋሚ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ዩሪቦር ይመለሳል። ከአሁኑ ክፍያዋ ትንሽ ይበልጣል። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ግትሩን ዕዳ ቢያንስ የማይዘል ያደርግልኛል። እሷ ዩሪቦር ገና ይወርዳል ብላ እየጠበቀች ነው።